ምዕራፍ 7፦ ሳጥኑ ከጎረቤት፣ ቁልፉ ከአንገት

አክስቴ ለሥራ ቤይሩት ስትሄድ ያላትን ሁሉ በአንድ የቆርቆሮ ሳጥን ከትታ ለጎረቤቷ አደራ ሰጠች። ውስጡ የሠርግ ቀሚሷ፣ ጌጣጌጧ፣ የቤቷ ካርታና ጥቂት ፎቶግራፎች ነበሩ። ሳጥኑን በጓጉንቸር ቆለፈችና ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችው። እናቴ ነገሩ አልገባትም። «ካመንሻት ለምን ትቆልፊያለሽ? ካላመንሻት ደግሞ ለምን ትሰጫታለሽ?» አለቻት።

«ሳጥኑን የምሰጣት ስለማምናት ነው» አለች አክስቴ። «የምቆልፈው ደግሞ ለእሷው ብዬ ነው። ነገ አንድ ነገር ጎደለ ቢባል ከፍቼ አላየሁም ብላ መማል ትችላለች።»

ያን ጊዜ ልጅ ስለነበርኩ ከክርክሩ የገባኝ ትንሽ ነው። ዛሬ ግን ኮምፒውተርና ስልክ ላይ ስለምንጠቀምባቸው ነጻ አገልግሎቶች ሰው በጠየቀኝ ቁጥር ያ ሳጥን ትዝ ይለኛል። በምዕራፍ 3 አንድ ይለፍ ቃል ለሁሉም በር ማዋል የሚያመጣውን ጣጣ አይተናል። በምዕራፍ 5 ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዛመተውን ቫይረስ ተከታትለናል። በሁለቱም ቦታ «የሚረዱ ነጻ መሣሪያዎች አሉ፤ እንመለስባቸዋለን» ብዬ አልፌያለሁ። አሁን ደርሰናል።

የመሣሪያዎች ዝርዝር ብቻ ባቀርብ ግን ዝርዝሩ ከመጽሐፉ ቀድሞ ያረጃል። ስለዚህ ጥቂቶቹን እያየን አንድ ጥያቄ መጠየቅ እንልመድ። ነገ ስሙን ሰምተን የማናውቀው መተግበሪያ ሲመጣም የሚሠራ ጥያቄ ነው፦ ቁልፉ ያለው ማን ዘንድ ነው? (ዓመቶቹ እንደ ቀደሙት ምዕራፎች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነጻው ነገር ምን ያያል?

«ነጻ» ሲባል አንዱ ይሮጣል፣ ሌላው ይጠረጥራል። ሁለቱም የሚያስቡት ስለ ዋጋ ነው። ከዋጋው በፊት ግን መጠየቅ ያለበት መሣሪያው ሥራውን ሲሠራ ምን እንደሚያይ ነው።

መነሻው ቼክ የሆነው አቫስት የተባለ ኩባንያ ለብዙ ሚሊዮን ሰዎች ነጻ ጸረ ቫይረስ ያድላል። ጸረ ቫይረስ በባሕርዩ ቤቱን ሁሉ የሚዞር ዘበኛ ነው፤ የማይገባበት ክፍል የለም። በጃንዋሪ 2020 ጋዜጠኞች ያጋለጡት፣ ጃምፕሾት የተባለው የአቫስት ንዑስ ድርጅት ሰዎች ኢንተርኔት ላይ የጎበኟቸውን ገጾች ታሪክ ለሌሎች ኩባንያዎች ይሸጥ እንደነበር ነው። ጃምፕሾት ወዲያው ተዘጋ። በ2024 ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በጉዳዩ 16.5 ሚሊዮን ዶላር አስከፈለ። ዘበኛው ቤቱን ከሌባ እየጠበቀ ማን ገባ፣ ማን ወጣ የሚለውን እየመዘገበ ይሸጥ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ቪፒኤን ነው። ቪፒኤን የኢንተርኔት ጉዞዎን በሌላ ሰው ኮምፒውተር በኩል የሚያሳልፍ ዋሻ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾች ለወራት ሲታገዱ ብዙዎቻችን በመጀመሪያ ያገኘነውን ቪፒኤን ጫንን። ዋሻው የት እንደሚያወጣ እንጂ ዋሻው የማን እንደሆነ የጠየቀ ጥቂት ነው። ፌስቡክ በ2013 ኦናቮ የተባለ ኩባንያ ገዝቶ ነጻ ቪፒኤኑን «ይጠብቅዎታል» እያለ ያስተዋውቅ ነበር። በዋሻው የሚያልፉ ሰዎች የትኛውን መተግበሪያ ስንት ጊዜ እንደሚከፍቱ ግን ባለቤቱ ይቆጥር ነበር። መተግበሪያው በ2018 ከአፕል መደብር ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ጭራሽ ተዘጋ። ቪፒኤን ተመልካቹን አያስቀርም፤ አንዱን ተመልካች በሌላ ይተካል።

ሁለቱ መሣሪያዎች ያሉትን ሥራ ይሠሩ ነበር፤ አንዱ ቫይረስ ይይዝ፣ ሌላው መንገድ ይከፍት ነበር። ችግሩ ሳጥኑን ያለ ጓጉንቸር መረከባቸው ነው። ሳያይ የሚያገለግል መሣሪያ ሊኖር ይችላል ወይ? ይችላል። እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ግን መጀመሪያ ወፍጮ ቤት እንሂድ።

የተፈጨ ጤፍ ፍሬ አይሆንም

ጤፍ ወደ ወፍጮ ይገባል፣ ዱቄት ይወጣል። ዱቄቱን መልሶ ፍሬ የሚያደርግ ወፍጮ ግን አልተሠራም። የኮምፒውተር ሰዎችም እንዲህ ያለ የአንድ አቅጣጫ ወፍጮ አላቸው። ስሙ ሀሽ ይባላል። ማንኛውንም ጽሑፍ ሲያስገቡበት የቁጥርና የፊደል ቅልቅል የሆነ አንድ መስመር ያወጣል። ሻ-1 የተባለው ወፍጮ አንድ ቃልም ይግባበት፣ አንድ ሙሉ መጽሐፍ፣ የሚያወጣው ሁልጊዜ 40 ምልክት ነው። ያው ጽሑፍ መቶ ጊዜ ቢገባ ያው መስመር ይወጣል።

ምሳሌው እዚህ ላይ ከእውነተኛው ወፍጮ ይለያል። ከጤፉ አንዲት ፍሬ ብትቀነስ ዱቄቱ ያው ዱቄት ነው። በሀሽ ግን አንዲት ፊደል ከተለወጠች የሚወጣው መስመር ከቀድሞው ጋር ምንም አይመሳሰልም። ስለዚህ ዱቄቱን ብቻ ያየ ሰው ወደ ፍሬው ምን ያህል እንደቀረበ እንኳ መገመት አይችልም።

ሥራውን የሚያውቅ ድርጅት ይለፍ ቃልዎን አያስቀምጥም፤ የሚያስቀምጠው ዱቄቱን ነው። ሲመለሱ ያስገቡትን ቃል እንደገና ይፈጭና ካስቀመጠው ዱቄት ጋር ያስተያያል። ከገጠመ በሩን ይከፍታል። ሌባ ጎተራውን ቢሰብር የሚያገኘው ዱቄት ነው።

ሁሉም ግን እንዲህ አይጠነቀቅም። ሮክዩ የተባለው ድርጅት በ2009 ሲዘረፍ 32 ሚሊዮን ይለፍ ቃሎች እንዳሉ፣ ሳይፈጩ ተገኙ። በ2013 አዶቤ ከ150 ሚሊዮን በላይ አካውንቶች ሲወሰዱበት ቃሎቹ ሁሉ የተቆለፉት በአንድ ቁልፍ ነበር። ስለዚህ አንድ ዓይነት ቃል የመረጡ ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ምልክት ነበራቸው። አጠገቡ ደግሞ ሰዎቹ ለራሳቸው የጻፉት ማስታወሻ በግልጽ ተቀምጧል። አንዱ «የውሻዬ ስም» ብሎ ከጻፈ የመቶው ሰው ምስጢር አብሮ ወጣ። ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉት የመረጡት ይለፍ ቃል 123456 እንደነበርም ታወቀ።

የተፈጨውም ቢሆን ፍጹም አይደለም። ሌባው ዱቄቱን ወደ ፍሬ መመለስ ባይችልም እሱም ወፍጮ አለው። የታወቁ ቃሎችን፣ ስሞችንና የልደት ቀኖችን እየፈጨ ከሰረቀው ዱቄት ጋር ያስተያያል። በምዕራፍ 3 «ሰው የሚገምተውን አይምረጡ» ያልኩት ለዚህ ነው። ሌባው የሚፈጨው በመጀመሪያ እኛ ሁላችን የምናስበውን ነው።

«ገብረ»ን የያዘውን ገጽ አሳየኝ

ከአዶቤው ዝርፊያ በኋላ ትሮይ ሀንት የተባለ አውስትራሊያዊ ባለሙያ ከየድርጅቱ ተዘርፈው የተበተኑ መረጃዎችን አሰባስቦ በዲሴምበር 2013 «ሃቭ አይ ቢን ፖውንድ» የተባለ ነጻ ድረ ገጽ ከፈተ። ስሙ በግርድፉ «እኔስ ተበልቻለሁ?» እንደማለት ነው። የኢሜይል አድራሻዎን ሲያስገቡ በየትኞቹ ዝርፊያዎች ውስጥ እንደተገኘ ይነግርዎታል። በ2017 ደግሞ ከዝርፊያዎቹ የተለቀሙ ከ300 ሚሊዮን በላይ ይለፍ ቃሎችን አዘጋጅቶ ሰው የራሱን ቃል እንዲፈትሽ አደረገ።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ ይነሣል። «ይለፍ ቃሌ ተሰርቆ እንደሆነ ለማወቅ ይለፍ ቃሌን ለማላውቀው ድረ ገጽ ልስጥ? ይህ ራሱ ስርቆት አይደለም?» ትክክል ነው። መልሱ በ2018 የመጣ ሲሆን የሐሳቡ ባለቤት ክላውድፍሌር በተባለው ኩባንያ ይሠራ የነበረው ጁናይድ አሊ ነው። የተጠቀመበት ዘዴ የዚህን ምዕራፍ ጥያቄ ውብ አድርጎ ይመልሳል።

የዕድራችሁን ጸሐፊ ያስቡ። ወፍራሙ መዝገብ እጁ ላይ ነው። አንድ ሰው መዋጮ ይጎድለው እንደሆነ ማወቅ ፈልገዋል፤ የማንን ስም እንደሚፈልጉ ግን ጸሐፊው እንዲያውቅ አይፈልጉም። ምን ይላሉ? «በ‹ገብረ› የሚጀምሩት ስሞች ያሉበትን ገጽ አሳየኝ» ይላሉ። ገብረ ማርያም፣ ገብረ መድኅን፣ ገብረ እግዚአብሔር፣ ገብረ ሥላሴ፣ ሁሉም እዚያ ገጽ ላይ ተደርድረዋል። እርስዎ ዓይንዎን ጣል አድርገው የፈለጉትን አይተው ያመሰግናሉ። ጸሐፊው ያወቀው ከገብረዎቹ አንዱን እንደፈለጉ ብቻ ነው።

ድረ ገጹም የሚያደርገው ይህንን ነው። ይለፍ ቃልዎን ሲጽፉ ወፍጮው የሚዞረው በራስዎ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ከሚወጡት 40 ምልክቶች ወደ አውስትራሊያዊው መዝገብ የሚላኩት የመጀመሪያዎቹ 5 ብቻ ናቸው። መዝገቡ በእነዚያ 5 ምልክቶች የሚጀምሩትን መስመሮች ሁሉ ይልካል። ቀሪዎቹን 35 ምልክቶች ከተላከው ጋር የሚያስተያየው የእርስዎ ኮምፒውተር ነው። በአምስት ምልክት የሚለያዩት ገጾች 1,048,576 ሲሆኑ ጸሐፊው ያወቀው ከእነዚህ የትኛውን ገጽ እንደከፈቱ ነው። ከገጹ ላይ ቃልዎ የትኛው እንደሆነ ወይም ጭራሽ ይኑር አይኑር አያውቅም።

ልዩነቱን ልብ ይበሉ። ኢሜይልዎን ሲፈትሹ አድራሻውን ነግረዋቸዋል፤ ይለፍ ቃልዎን ሲፈትሹ ግን አልነገሯቸውም። አንድ ድረ ገጽ ላይ ሁለት አገልግሎት፣ ሁለት ዓይነት አደራ አለ ማለት ነው።

የቁልፎች ሳጥን

አሁን ይለፍ ቃልዎ ተሰርቆ ተገኘ እንበል። ለየበሩ የተለየ ቁልፍ ያስፈልግዎታል። ሠላሳ ረጃጅም ይለፍ ቃሎችን በቃሉ የሚይዝ ጭንቅላት ግን የለንም። ለዚህ የተሠሩት የይለፍ ቃል ማስቀመጫዎች ናቸው። ከነጻዎቹ መካከል ሁለቱን ላንሣ፤ በአቀማመጣቸው ሁለት ዓይነት ሳጥን ስለሆኑ ነው።

ጀርመናዊው ዶሚኒክ ራይሽል በ2003 ያወጣው ኪፓስ ሳጥኑን በራስዎ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ አንድ ፋይል ያስቀምጣል። ፋይሉን በፍላሽ ቢይዙት፣ ለራስዎ በኢሜይል ቢልኩት የእርስዎ ጉዳይ ነው። በ2016 የወጣው ቢትዋርደን ደግሞ ሳጥኑን ከኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ያኖርልዎታል። ስለዚህ ስልክዎም ላፕቶፕዎም ላይ ያገኙታል። በሁለቱም ግን ሳጥኑ የሚቆለፈው እርስዎ ብቻ በሚያውቁት አንድ ዋና ይለፍ ቃል ነው። የቢትዋርደን ሳጥን ከስልክዎ የሚወጣው ተቆልፎ ነው። ኩባንያው የያዘው የአክስቴ ጎረቤት የያዘችውን ነው።

ሳጥን ቢሰረቅስ? ይህ ግምት አይደለም፤ ደርሷል። ላስትፓስ የተባለው ተመሳሳይ አገልግሎት በ2022 ተዘርፎ የደንበኞቹ የተቆለፉ ሳጥኖች ቅጂ በሌቦች እጅ ገባ። ኩባንያው ቁልፍ ስላልነበረው ሌቦቹም ቁልፍ አላገኙም። ሁለት ነገሮች ግን ተማርን። አንደኛ፣ ሳጥኑ ሌባው ቤት ከገባ በኋላ ሌባው ጊዜውን ወስዶ ቁልፍ ይሞክራል። ዋና ይለፍ ቃሉ ደካማ የሆነ ሰው ተጋለጠ። ሁለተኛ፣ በሳጥኑ ውስጥ የነበሩት የድረ ገጾች አድራሻ አልተቆለፈም ነበር። ምን ምን ባንክ፣ ምን ምን ድረ ገጽ እንደሚጠቀሙ ከውጭ ይነበብ ነበር። ቁልፉ የማን እንደሆነ ስንጠይቅ «ከቁልፉ ውጭ የቀረው ምንድን ነው?» ማለትም አለብን።

ስለዚህ ዋናው ቃል ጠንካራ ይሁን። እርስ በርስ የማይገናኙ አምስት ወይም ስድስት ቃሎች በዕጣ አውጥተው ይደርድሩ። ከዳዊት መዝሙር ጥቅስ ወይም ከተረትና ምሳሌ አይውሰዱ፤ እርስዎ በቃልዎ የያዙትን ሌላውም በቃሉ ይዞታል።

ደብዳቤውን የማያነበው ፖስተኛ

እስካሁን ያየነው ለብቻ የሚያዝ ምስጢር ነው። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ግን ነገሩ ይከብዳል። ሳጥኑን ቆልፌ ዋሽንግተን ላለ ወንድሜ ብልክለት በምን ይከፍተዋል? ቁልፉንም በዚያው ፖስተኛ ብልክለት ፖስተኛው ይከፍተዋል።

መውጫውን በ1976 ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን የተባሉ አሜሪካውያን ለዓለም አሳዩ። ከሒሳቡ በስተጀርባ ያለውን ሐሳብ ጓጉንቸር የዘጋ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ ጓጉንቸር ለመክፈት ቁልፍ ይፈልጋል፤ ለመዝጋት ግን አይፈልግም። ስለዚህ ወንድሜ አፉን የከፈተ ጓጉንቸር ይልክልኛል፤ ቁልፉ እሱው ዘንድ ይቀራል። እኔ ደብዳቤዬን ሳጥን ውስጥ ከትቼ የእሱን ጓጉንቸር ቀጭ አድርጌ እዘጋለሁ። ከዚያ በኋላ እኔ ራሴ እንኳ መክፈት አልችልም። ይህ መቆለፊያ ከላኪው ስልክ ተነሥቶ በተቀባዩ ስልክ ብቻ ስለሚከፈት ከጫፍ እስከ ጫፍ ምስጠራ ይባላል።

ሲግናል የተባለው ነጻ የመልእክት መተግበሪያ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። የሚያንቀሳቅሰው በእርዳታ የሚተዳደር ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፤ በ2018 ሲቋቋም ከዋትሳፕ መሥራቾች አንዱ የሆነው ብራያን አክተን 50 ሚሊዮን ዶላር መነሻ ሰጥቶታል። በ2016፣ ድርጅቱ ገና ሳይቋቋም፣ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት የፌዴራል የሕግ አካላት የሲግናልን ሠሪዎች ስለ ሁለት ስልክ ቁጥሮች ያላቸውን መረጃ እንዲያስረክቡ በማዘዣ ጠየቁ። ሕግ ነውና አስረከቡ። አካውንት የነበረው አንዱ ቁጥር ሲሆን ያስረከቡት መረጃም ሁለት ነገር ነው፦ አካውንቱ የተከፈተበት ጊዜና ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘበት ቀን። የእምቢተኝነት ጀግንነት አልነበረም። ጎረቤቲቱ «ከፍቼ አላየሁም» ብላ የማለችበት ቀን ነበር።

ዋትሳፕ ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ መልእክቶችን በዚሁ የሲግናል ዘዴ ይቆልፋል፤ ከማን ጋር መቼ እንደተነጋገሩ ግን ያውቃል። የመልእክቶችዎን መጠባበቂያ ቅጂ ወደ ጉግል ሲልክም ቅጂው ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቆለፈው እርስዎ በማስተካከያው ውስጥ ሲያበሩት ነው። አገራችን ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ የገባው ቴሌግራም ደግሞ ብዙዎች ከሚያስቡት የተለየ ነው። የተለመደው ንግግር፣ ግሩፑም ቻናሉም በመንገድ ላይ ተቆልፎ ቢሄድም ቁልፉ ኩባንያው ዘንድ ነው። ከመልእክቶቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቆለፈው በሁለት ሰዎች መካከል ለይተው የሚከፍቱት «ምስጢራዊ ውይይት» ብቻ ነው። ለሠርግ ዝግጅት ግሩፕ ይህ አያስጨንቅም። የፓስፖርት ቅጂና የባንክ ወረቀት ለመላላክ ግን ማወቁ ይጠቅማል።

ማየት ያለበትስ?

አንዳንድ መሣሪያ ካላየ ሥራውን አይሠራም። ሐኪም ሳያይ አይመረምርም። በምዕራፍ 5 ያነሣነው አጠራጣሪ ፋይል ሲገጥመን የምንሄድበት ቫይረስ ቶታል እንዲህ ያለ ነው። በ2004 በስፔን ማላጋ ከተማ ተጀምሮ በ2012 ጉግል የገዛው ይህ ነጻ ድረ ገጽ አንድን ፋይል በብዙ ደርዘን ጸረ ቫይረሶች በአንድ ጊዜ ያስመረምራል። አንድ ሐኪም ቤት ገብተው መላውን የሐኪሞች ማኅበር እንደማግኘት ነው።

ግን ሐኪሞቹ ሁሉ ያያሉ። ወደዚያ የተጫነ ፋይል ለደህንነት ኩባንያዎችና ለሚከፍሉ ደንበኞች ይደርሳል። በቴሌግራም የተላከልዎትን ያልታወቀ ጨዋታ ለማስመርመር ሁነኛ ቦታ ነው። የመሥሪያ ቤትዎን ውል ወይም የልጅዎን የልደት ምስክር ወረቀት ግን አይጫኑበት። እዚህም ወፍጮው ይረዳል፤ የፋይሉን ሀሽ ብቻ በመፈለጊያው ቢያስገቡ ሌላ ሰው ያንኑ ፋይል ቀድሞ አስመርምሮት ከሆነ ፋይሉን ሳይሰጡ ውጤቱን ያያሉ።

«ረሳሁ» የምትለው ቦታ

ይህን ሁሉ ለአዲስ መተግበሪያ እንዴት መለየት ይቻላል? ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። «ይለፍ ቃሌን ረሳሁ» የምትለውን ቦታ ይጫኑ።

የድሮውን ይለፍ ቃልዎን እንዳለ በኢሜይል ከላኩልዎት ፍሬውን ሳይፈጩ አስቀምጠውታል። ከዚያ ቤት ቶሎ ይውጡ። አዲስ ቃል አስመርጠው ንብረትዎን ሁሉ እንደነበረ ከመለሱልዎት ቃልዎን ላይዙት ይችላሉ፤ የሳጥኑ ቁልፍ ግን እነሱም ዘንድ አለ። አብዛኛው የኢሜይል አገልግሎት እንዲህ ነው፤ ቴሌግራምም አዲስ ስልክ ሲገዙ የተለመዱ ንግግሮችዎን መልእክት የሚያመጣልዎት ለዚህ ነው። «ይቅርታ፣ ልንከፍትልዎት አንችልም» ካሉዎት ቁልፉ በእርግጥ እርስዎ ዘንድ ነበር። ዋና ቃሉን የረሳ የቢትዋርደን ተጠቃሚ የሚሰማው መልስ ይህ ነው። በተቸገርን ቀን የሚያናድደን መልስ የታማኝነታቸው ምስክር ነው።

ቁልፍ መያዝ ስለዚህ ሸክም አለው፤ ሁሉንም ነገር እንዲህ መያዝም የለብንም። ባንክ ሒሳባችንን ማየት አለበት። የፎቶግራፍ ቅጂ ደግሞ ከመጥፋቱ ይልቅ ጉግል ቢያየው የሚሻል ሰው ብዙ ነው። የሚያስከፋው ቁልፉ ሌላ ሰው ዘንድ እንዳለ አለማወቅ ነው። ስልክ ሲገዙ ሻጩ ጂሜይል የከፈተላቸው፣ ይለፍ ቃሉንም እሱ የመረጠላቸው ስንት እናትና አባት አሉን? የሳጥናቸው ቁልፍ ዛሬም ሱቁ ውስጥ ተሰቅሏል።

ወፍጮ ቤቱ አጠገብ መቆም

አንድ ጥያቄ ይቀራል። «አላይም» የሚለኝን ኩባንያ ቃል በምን አምናለሁ? እናቶቻችን ጤፍ ሲያስፈጩ ከወፍጮው አጠገብ ቆመው ይጠብቃሉ። ሞተሩ እንዴት እንደሚሠራ ባያውቁም በሩ ክፍት ነው፤ ከሰልፈኛው መካከልም የሚያውቅ አይጠፋም። ኪፓስ፣ ቢትዋርደንና ሲግናል የተሠሩበት የፕሮግራም ጽሑፍ ለማንም ክፍት ነው። ክፍት ምንጭ የሚባለው ይህ ነው። እኔና እርስዎ ባናነበውም በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች እያነበቡ ስህተት ያወጣሉ።

ክፍት በር ግን ሁልጊዜ የሚያይ ዓይን አለ ማለት አይደለም። የድረ ገጾችን መንገድ የሚቆልፈው ኦፕን ኤስኤስኤል ክፍት ምንጭ ሆኖ ሳለ በ2012 ከወጣው እትሙ ጋር የመጣ ስህተት እስከ ኤፕሪል 2014 ሳይታወቅ ኖሯል። ስህተቱን ሃርትብሊድ፣ «የልብ መድማት»፣ ብለው ጠሩት። ክፍትነት ፍተሻ እንዲቻል ያደርጋል፤ ፍተሻው ራሱ ግን የሰው ሥራ ነው። ከዚህ ይልቅ በእኛ አገር የሚያሰጋው ቀላሉ ነገር ነው፦ መተግበሪያውን ከየት አመጣነው? ከራሱ ድረ ገጽ ወይም ከስልኩ መደብር ሳይሆን ከቴሌግራም ቻናል የወረደ «ቢትዋርደን» ከሆነ ጓጉንቸሩን ራሱ ሌባው ሸጦልዎት ሊሆን ይችላል።

ዛሬ ማታ

ዛሬ ማታ ግማሽ ሰዓት ካለዎት ኢሜይልዎን በትሮይ ሀንት ድረ ገጽ ይፈትሹ። ከሁለቱ ማስቀመጫዎች አንዱን ጭነው የኢሜይልዎን ይለፍ ቃል ብቻ በአዲስ ይቀይሩ፤ ሌሎቹ በሮች የሚከፈቱት በኢሜይል በኩል ነውና ከዚያ መጀመር ይበጃል። ቴሌግራም ውስጥ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ያብሩ፤ በአጭር መልእክት የሚመጣውን ኮድ አታልሎ የወሰደ ሰው ብቻውን እንዳይገባ ያደርጋል። በመጨረሻም ዋና ይለፍ ቃልዎን በወረቀት ጽፈው የቤት ካርታ ከሚያኖሩበት ቦታ ያስቀምጡት። በወረቀት መጻፍ ነውር አይደለም፤ ኢንተርኔት ላይ ያለ ሌባ የእርስዎን ቁም ሣጥን አይከፍትም።

ይህን የመጨረሻውን ምክር የተማርኩት ከአክስቴ ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ ስትመለስ ማተቧ ላይ ያለው ክር እንጂ ቁልፉ አልነበረም፤ የት እንደወደቀ አታውቅም። አልደነገጠችም። ከመሄዷ በፊት ሁለተኛውን ቁልፍ በእናቴ የስፌት ዕቃ ሥር ወሽቃ ነበር። ጎረቤቲቱ ሳጥኑን አቧራውን ጠርጋ አመጣች፤ ጓጉንቸሩ ዝጎ ስለነበር በዘይት አሸነው። ሲከፈት ጎረቤቲቱ ከሁላችን ቀድማ አንገቷን አስግጋ አየችና ሳቀች።

«ሰባት ዓመት ሙሉ ውስጡ ምን ይሆን እያልኩ ስገምት ኖርኩ» አለች። «ቀሚስ ይኖራል ብዬ ግን አልገመትኩም።»